ገመዱን ማን ዘረጋው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

እንዴት ሰነበታችሁ? ባለፈው እትም ጥግ ላይ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፕሬዝዳንት ትራምፕን ቀረጥ ሻረ ብዬ ሁለት መስመር ጣል አድርጌ ነበር። ሁለት መስመር ብቻ። ስለ ሽንኩርት ዋጋ ሙሉ ገጽ ስጽፍ እንኳ ይህን ያህል ሰው አልጻፈልኝም። ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅ፣ ከወልድያ መጣ፤ አንዷ እናት ደግሞ ከመካነ ሰላም። እንግዲህ የዛሬው ዓምድ በሙሉ ለእሱ ነው። ደብዳቤ ያሳጠርኩባችሁ አትቀየሙኝ፤ በተለይ ስድስት ገጽ የጻፉት የደሴው ነጋዴ።

"ወንድሜ፣ ትራምፕ ታሪፍ ጨመረ፣ ፍርድ ቤት ታሪፉን ሻረው ይባላል። እኛ እዚህ ታሪፍ ይስተካከልልን ብለን ስንት ጊዜ አመልክተን ማንም አልሰማንም። የእነሱ እንዴት ፍርድ ቤት ደረሰ?"
ባጃጅ አሽከርካሪ፣ ወልድያ

አይ አንተ! ብቻህን አይደለህም። እኔም ወሬውን መጀመሪያ ስሰማ ፊቴ ላይ ድቅን ያለው መናኸሪያ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ነው። እኛ ታሪፍ የምንለው ከዚህ እስከዚያ የሚከፈለውን ሒሳብ ነው። እነሱ ታሪፍ የሚሉት ቀረጥን ነው፤ ከውጭ የገባ ዕቃ ላይ ጉምሩክ የሚቆርጠውን። ስለዚህ እዚህ ገጽ ላይ ቀረጥ እያልኩ ነው የምሄደው።

ጥያቄህ ግን አንድ ነገር አስታወሰኝ። "ትራምፕ ኢትዮጵያ ላይ 10 በመቶ ጣለ" ሲባል ብዙ ሰው እኛ የምንከፍል ይመስለዋል። ከፋዩ አሜሪካዊው አስመጪ ነው። ኮንቴይነሩ ወደባቸው ሲደርስ ለራሱ መንግሥት የሚከፍለው እሱ ነው። ከዚያ ወይ ደንበኛው ላይ ይጨምራል፣ ወይ እኛ ጋ ደውሎ "ዋጋ ቀንሱልኝ" ይላል፣ ወይ ራሱ ይውጠዋል። ይህችን ያዝልኝ፤ ማን ከሰሰ የሚለው ላይ ስንደርስ ትጠቅምሃለች።

"ጤና ይስጥልኝ። ሰውየው በሕዝብ ድምፅ የተመረጠ መሪ ነው። ያልተመረጠ ዳኛ ተነሥቶ ቀረጥህን አንሣ የሚለው በየትኛው ሥልጣኑ ነው? መንግሥት ቀረጥ ካልጣለ ማን ሊጥል ነው? እስኪ ከሥሩ ያስረዱን።"
የጨርቃጨርቅ ነጋዴ፣ ደሴ

ጋሼ፣ ከሥሩ ካሉኝማ ከባቲ ልጀምር።

ዓመቱን ተዉት፣ ሰኞ ቀን ነው፣ ከባቲ ገበያ እየተመለስን ነው። አይሱዙ ላይ ተጭነናል። ከኋላ ፍየሉ፣ ሽንኩርቱ፣ የማሾ ኩንታሉ፣ ከዚያ ሁሉ በላይ ደግሞ ሰው። ወደ ኮምቦልቻ ጥቂት እንደሄድን መንገዱ ላይ ገመድ ተዘርግቷል። እንዲታይ ብለው ቢጫ ፌስታል አስረውበታል። አንድ ጎረምሳ ከግራር ጥላ ሥር ተነሣና "የኮቴ፣ በኩንታል አሥር ብር" አለ። ሹፌሩ ሊከፍል እጁን ኪሱ ከተተ። ከጎኔ የተቀመጡ አንዲት እናት ግን "ቆይ አንተ" አሉትና ወደ ልጁ ዞሩ።

"ልጄ፣ ኮቴ መክፈሉን እንከፍላለን፤ ባቲም ከፍለን ነው የወጣነው። አንተን ማን ላከህ?"

ልጁ አልደነገጠም። ከደረት ኪሱ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ማኅተም አለው፣ እውነተኛ ማኅተም። ተሳፋሪው ተቀባብሎ አነበበው። መንገዱን እንዲጠብቅ ይላል። መኪና እንዲያስቆም ይላል። ጭነት እንዲፈትሽ፣ የተጠረጠረ ዕቃ ካየ እንዲይዝ ይላል። ብር እንዲሰበስብ ግን አይልም። አንድ ቃል የለውም።

"ጊዜው አስቸጋሪ ነው፣ አስቸኳይ ነው" አለ ልጁ። "መቆጣጠር ከተፈቀደልኝ ማስከፈልም እኮ መቆጣጠር ነው።"

እናትየው ነጠላቸውን አስተካክለው፣ "መቆጣጠሩን ተቆጣጠር፣ ማን ከለከለህ። ኪሴ መግባት ግን ሌላ ወረቀት ይፈልጋል" አሉት። ገመዱ ወረደ፣ አለፍን።

የአሜሪካው ክርክር ይኸው ነው ጋሼ፣ ገንዘቡ በዛ እንጂ።

በእነሱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 1 ክፍል 8 ላይ ግብርና ቀረጥ የመጣል ሥልጣን የተሰጠው ለኮንግረስ ነው፣ ለምክር ቤቱ። ፕሬዝዳንቱ በቀረጥ ላይ ያለው ሥልጣን ኮንግረስ በሕግ የሰጠው ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ "መንግሥት ካልጣለ ማን ሊጥል" ላሉት መልሱ አጭር ነው፤ ይጥላል፣ ግን የትኛው እጁ ነው የሚጥለው? ትራምፕ ያወጣው ወረቀት እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣ የአስቸኳይ ጊዜ የኢኮኖሚ ሥልጣን ሕግ ነው። ከውጭ ከባድ ሥጋት ሲመጣ ፕሬዝዳንቱ አስቸኳይ ጊዜ አውጆ ንብረት እንዲያግድ፣ የገንዘብ ዝውውር እንዲያቆም፣ የዕቃ ማስገባትን "እንዲቆጣጠር" ይፈቅዳል። ሕጉ ለእኛም እንግዳ አይደለም። መስከረም 2014 ላይ ባይደን ስለ ሰሜኑ ጦርነት የማዕቀብ ትእዛዝ ያወጡት በዚሁ ሕግ ነበር። ማዕቀብ ነው ሥራው፣ ሲሠራበት የኖረውም ለዚያ ነው። ከትራምፕ በፊት በዚህ ሕግ ቀረጥ የጣለ ፕሬዝዳንት የለም። ሕጉ ውስጥ ቀረጥ የሚል ቃልም የለም።

እሳቸው ግን መጀመሪያ ፈንታኒል የተባለውን ገዳይ ዕፅ ምክንያት አድርገው በካናዳ፣ በሜክሲኮና በቻይና ላይ ጣሉ። ቀጥሎ መጋቢት 24 ቀን 2017 የንግድ ጉድለታችን አስቸኳይ ሁኔታ ነው ብለው በዓለም ላይ ዘረጉት። ዝቅተኛው 10 በመቶ፤ እኛም እዚያ ውስጥ ነበርን። ሌሴቶ፣ ያቺ ትንሽ አገር፣ 50 በመቶ ተብላ ነበር መጀመሪያ።

ማን ከሰሰ? ቻይና አይደለችም፣ ሌሴቶም አይደለችም። ከፋዩ ነው የከሰሰው። ኒውዮርክ ያለ አንድ የወይን ጠጅ አስመጪ፣ ኢሊኖይ ያለ የልጆች መማሪያ መጫወቻ የሚያቀርብ ድርጅት፣ ሌሎች ትንንሽ ነጋዴዎች፣ አሥራ ሁለት የአሜሪካ ግዛቶችም። እንደ እርስዎ ያለ ሰው ማለት ነው፣ ዕቃው ወደብ ደርሶ ሒሳቡ ያልተጠበቀ ሆኖ የመጣበት።

የዓለም አቀፍ ንግድ ፍርድ ቤታቸው ሦስት ዳኞች ግንቦት 20 ቀን 2017 በአንድ ድምፅ ፈረዱለት። (ቀኑን ሳይ ሳቄ መጣ፤ ለእኛ ግንቦት 20 ሌላ ትዝታ አለው።) ነሐሴ 23 ይግባኝ ሰሚው 7 ለ 4 አጸናው። ጥቅምት 26 ቀን 2018 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ክርክሩን ሰማ። የካቲት 13፣ በሰማዕታት ቀን ማግስት፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጾም ላይ እያለ፣ 6 ለ 3 ፈረደ። ፍርዱን የጻፉት የፍርድ ቤቱ ፕሬዝዳንት ጆን ሮበርትስ ናቸው። ባጭሩ፣ ማስገባትን መቆጣጠር ማለት ቀረጥ መጣል ማለት አይደለም። ሮበርትስ፣ ኒል ጎርሰችና ኤሚ ኮኒ ባሬት አንድ ነገር አከሉበት። ይህን የሚያህል ትልቅ ሥልጣን ኮንግረስ ሊሰጥ ቢፈልግ ኖሮ በግልጽ ይጽፈው ነበር እንጂ በአንድ ቃል ሥር አይደብቀውም አሉ።

ልብ ይበሉ፣ ጎርሰችንና ባሬትን የሾሟቸው ትራምፕ ራሳቸው ናቸው። ከሾሟቸው ሦስቱ ሁለቱ ፈረዱባቸው። ሦስተኛው ብሬት ካቫኖ ከክላረንስ ቶማስና ከሳሙኤል አሊቶ ጋር ተቃወሙ። "ዳኛ ለሾመው ይፈርዳል" የሚለው ጨዋታችን እዚያ ቀን አልሠራም።

ቀረጥ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ የሚለውን ፍርድ ቤቱ አልነካውም። እናትየውም እኮ ኮቴ አይከፈል አላሉም።

"እኔ በወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ተማሪ ነኝ። ፍርዱ አዲስ ነገር ነው ወይስ ቀድሞም ፍርድ ቤቶቻቸው ፕሬዝዳንትን ይገድቡ ነበር? ጉዳዩ እዚህ ቢነሣስ ማን ያየው ነበር?"
ተማሪ፣ ደሴ

የሁለተኛው ጥያቄህ መልስ አንተ ደብተር ውስጥ አለ፤ ግን ለሌላው አንባቢ እመለስበታለሁ።

አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1952 የኮሪያ ጦርነት ላይ ነበሩ፣ የእኛም ቃኘው ሻለቃ እዚያው ነበር። የብረት ፋብሪካ ሠራተኞች ሊያድሙ ሲሉ ፕሬዝዳንት ትሩማን ብረት ከሌለ ጦሩ ምን ይይዛል ብለው ፋብሪካዎቹን መንግሥት እንዲረከብ አዘዙ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እንደ ዘንድሮው 6 ለ 3 ፈረደባቸው። ጦርነት ቢኖርም ኮንግረስ ያልሰጠህን አትወስድም ነው ነገሩ። ትሩማንም መለሱ።

ለተቃዋሚዎቹ ዳኞች የሚያደላ ታሪክም አለ፣ እሱን ካልነገርኩህ ዳኝነቴ ይጓደላል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1971 ኒክሰን ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ ለጥቂት ወራት ተጨማሪ 10 በመቶ ጥለው ነበር። የጃፓን ዚፕ የሚያስመጣ ድርጅት ከሰሰ፤ ዚፕ! በ1975 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለመንግሥት ፈረደ። ያኔ መንግሥት የተከራከረበት የቆየ ሕግ "ማስገባትን መቆጣጠር" የሚል ተመሳሳይ ቃል ነበረው። የ1977ቱ ሕግ ቃሉን የወሰደው ከዚያው ነው። ስለዚህ "ኮንግረስ ቃሉን ሲደግመው ትርጉሙን እያወቀ ነው" ብለው መከራከራቸው ከሜዳ የመጣ አይደለም። እኔን ግን ያላሳመነኝ ይኼ ነው፦ ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ1974 እንዲህ ላለው ጊዜ ለብቻው አንቀጽ አውጥቷል። ከ15 በመቶ አይበልጥም፣ ከ150 ቀን አያልፍም ብሎ። ጣሪያና ቀን የተቆረጠለት በር እያለ፣ ጣሪያም ቀንም የሌለው ሌላ በር በአንድ ቃል ተከፍቷል ማለት ይከብዳል።

ወደ እኛ ስንመጣ የጉምሩክ ቀረጥ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 96 የፌደራል መንግሥት ነው። በፌደራል የገቢ ምንጮች ላይ ግብርና ታክስ የሚጥለው በአንቀጽ 55 መሠረት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። እስከዚህ እንመሳሰላለን። የምንለያየው "ይህ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል" የሚል ክርክር ሲነሣ ነው። እዚያ የመጨረሻው ቃል የዳኞች ነው። እዚህ ጉዳዩን አጣሪ ጉባኤው ያጣራል፣ የሚወስነው ግን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፣ ፖለቲከኞች የተቀመጡበት። የአስተዳደር መሥሪያ ቤት ከሕግ ውጭ መመሪያ ቢያወጣ ወይም ቢወስን ግን በአዋጅ ቁጥር 1183/2012 መሠረት ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። ስንት ነጋዴ ይህን አዋጅ ያውቀዋል? አንተ ስትመረቅ ለደሴዎች ቁጭ ብለህ ብታስረዳቸው ደስ ይለኛል፤ ስድስት ገጽ የሚጽፍ ደንበኛ አገናኝሃለሁ።

"ወንድሜ አትሸንግለን። ፍርዱ በወጣ ማግሥት ሰውየው በሌላ ሕግ ቀረጥ ጣለ አይደል? ታዲያ ፍርድ ቤቱ ምን ፈየደ? ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ።"
አንባቢ፣ ሐይቅ

ማግሥት እንኳ አይደለም፣ በዚያው ዕለት ነው። ቅድም ያልኩህን የ1974ቱን አንቀጽ አወጡና 10 በመቶ በዓለም ላይ ጣሉ፤ ከየካቲት 17 ጀምሮ።

የባቲውን ታሪክ ለጋሼ ስነግራቸው መጨረሻውን ደብቄ ነበር፣ ለአንተ አቆይቼው። በሚቀጥለው ሰኞ ያው ጎረምሳ እዚያው ግራር ሥር ነበር። ገመዱም ነበር። እጁ ላይ ግን የደረሰኝ ጥራዝ ይዟል፤ በኩንታል ሦስት ብር፣ እስከ ወሩ መጨረሻ የሚል። እናትየው ደረሰኙን ገለበጡት፣ ወደ ብርሃን ያዙት፣ ከፈሉ። "አሁን ሰው መሰልክ" አሉት።

ያንተን ጥያቄ የምመልሰው በሦስትና በአሥር ብሩ መሃል ባለው ልዩነት ነው። በ1977ቱ ሕግ ሲሠሩ ፕሬዝዳንቱ ማታ ያሰቡትን ጠዋት ይጥሉ ነበር። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2025 ላይ የቻይናው በአንድ ሳምንት ውስጥ ተሰቅሎ ተሰቅሎ 145 በመቶ ደረሰ፣ በግንቦት ወደ 30 ወረደ። እስኪ ዕቃው መርከብ ላይ ያለ ነጋዴ ሁን! ብራዚል ላይ 50 በመቶ ሲጥሉ ደግሞ ከሰጡት ምክንያት አንዱ የቀድሞው ፕሬዝዳንት ቦልሶናሮ ፍርድ ቤት ቀረቡ የሚል ነበር። አሜሪካ እኮ ለብራዚል የምትሸጠው ከምትገዛው ይበልጣል። የንግድ ጉድለቱ የት አለ?

አሁን ያ ቀረ። አዲሱ በር ጣሪያ አለው፣ ቀን አለው። 150 ቀኑ ሲቆጠር ሐምሌ 2018 አጋማሽ ላይ ይወድቃል፣ ከዚያ በኋላ ይቀጥል ከተባለ ኮንግረስ እጁን ማውጣት አለበት። ብረት፣ አሉሚኒየምና መኪና ላይ ያሉት ቀረጦች እ.ኤ.አ. በ1962 በወጣ የንግድ ሕግ ውስጥ ባለ የአገር ደኅንነት አንቀጽ የተጣሉ ስለሆኑ ፍርዱ አልነካቸውም። በእሱ ለመጣል ግን መጀመሪያ የንግድ ሚኒስቴሩ ማጥናት አለበት፣ ዕቃውም በስም መጠራት አለበት። የአገሮችን በደል እያጠና የሚጥል ሌላ አንቀጽም አለ፤ 301 ይሉታል፣ በትራምፕ የመጀመሪያ ዘመን ቻይና ላይ የተጣለው በእሱ ነው። እሱም ጥናት ይፈልጋል። ጥናቱ ለይስሙላ ሊሆን ይችላል ትለኝ ይሆናል። ይችላል። ግን ወራት ይወስዳል፣ ወረቀት ይተዋል፣ ወረቀት ደግሞ ለሚቀጥለው ከሳሽ ማስረጃ ነው።

እና ወንድሜ፣ ውኃው ትንሽ ወፍሯል። ቅሬታ ካለኝ በዳኞቹ ላይ አይደለም። ሥልጣኑ የራሱ ሆኖ ሳለ አንድ ዓመት ሙሉ እጁን አጣጥፎ የተቀመጠው ኮንግረሱ ነው። የወይን ነጋዴ ነው የምክር ቤቱን ሥልጣን በራሱ ጠበቃ ያስመለሰለት።

"የተሰበሰበው ገንዘብ ይመለሳል?"
አንባቢ፣ ኮምቦልቻ

ከ100 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እንዴት እንደሚመለስ አልተናገረም፣ ካቫኖም ትርምስ ይሆናል ብለው ነበር። ጉዳዩ የሚሄደው ወደዚያው የንግድ ፍርድ ቤት ነው። የሚመለሰው ግን ከፍሎ ሰነድ ለያዘው አስመጪ ነው። በየሱቁ ጭማሪውን የከፈለው ሸማች? እሱ ደረሰኙ ላይ ቀረጥ አልተጻፈለትም። ዋጋ ቀንስ ተብሎ የቀነሰው ላኪም እንደዚያው።

"ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። የአሜሪካ ትእዛዝ ሲቀንስ እኛንም ቀነሱን። አሁን ፍርድ ቤቱ ቀረጡን ከሻረ ሥራው ይመለሳል እየተባለ ይወራል። እውነት ነው ወይ?"
ልብስ ሰፊ የነበረች፣ ኮምቦልቻ

እህቴ፣ ይህን ደብዳቤ ነው ደጋግሜ ያነበብኩት። አብሽሪ ብዬ ላልፈው ፈልጌ ነበር፤ ግን ተስፋሽን በማላምንበት ነገር ላይ አላስቀምጥም።

የእናንተን ትእዛዝ የነካው ትልቁ ነገር ይህ የትራምፕ ቀረጥ አይደለም። አጎዋ ነው። አጎዋ እ.ኤ.አ. በ2000 ኮንግረስ ያወጣው ሕግ ነው፤ የአፍሪካ አገሮች ልብስና ሌላም ዕቃ ያለ ቀረጥ እንዲያስገቡ የሚፈቅድ። የኮምቦልቻው ፓርክ በ2009 ሲመረቅ በዚህ በር ላይ ብዙ ተስፋ ተጥሎ ነበር። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ኢትዮጵያ ከአጎዋ እንደምትወጣ ዋሽንግተን ያሳወቀችው ጥቅምት 23 ቀን 2014 ነው፤ ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን በዋጠበት በዚያው ሳምንት። አንቺ ያን ሳምንት የት እንደነበርሽ አላውቅም፣ እኔ ግን የሰው ቤት ወለል ላይ ተኝቼ ነበር። ከተሞቹ ኅዳር መጨረሻ ላይ ተመለሱ። አጎዋ ታኅሣሥ 23 ተዘጋ።

አሁን ሒሳቡን አብረን እንሥራ፣ አንቺ ቲሸርት ስለምታውቂ። አንድ የጥጥ ቲሸርት አሜሪካ ሲገባ በ4 ዶላር ተመዝግቧል እንበል። በአጎዋ ጊዜ ቀረጡ ዜሮ። ያለ አጎዋ የዘወትሩ ቀረጥ 16.5 በመቶ ነው፣ 66 ሳንቲም። ፖሊስተር ከሆነማ 32 በመቶ። በ2017 ትራምፕ 10 በመቶ ሲጨምሩበት ሌላ 40 ሳንቲም፣ ድምር 1 ዶላር ከ6 ሳንቲም። ፍርድ ቤቱ ያነሣው 40 ሳንቲሟን ነው፤ በአዲሱ በር ደግሞ ያችው 10 በመቶ ተመልሳ ገባች። 66ቷን ማንም አልነካትም። በሳንቲም ለሚደራደር ገዢ 66 ሳንቲም ማለት ትእዛዙን ወደ ኬንያ ማዞር ማለት ነው።

"ታዲያ ስለ አጎዋስ ለምን አይከሰስም?" ትይኝ ይሆናል። የሚያናድደኝ እዚህ ጋ ነው። በቀረጡ ፕሬዝዳንቱ ያልተሰጣቸውን ነው የወሰዱት። በአጎዋ ግን የትኛው አገር ይግባ፣ የትኛው ይውጣ የሚለውን ኮንግረስ ራሱ በጽሑፍ ለፕሬዝዳንቱ ሰጥቷቸዋል፣ በየዓመቱ እየገመገሙ እንዲወስኑ። ወረቀቱ አላቸው። አንቺ በማሽን ላይ ሆነሽ ያጣሽው ሥራ ለማንም ዳኛ የሚቀርብ ክስ አልሆነም፤ የወይን ነጋዴው ያጣው ትርፍ ግን ሆነ። ሕጋቸው የሚጠብቀው የራሳቸውን ከፋይ ነው። የእኛ ጉዳይ ያለው አዲስ አበባና ዋሽንግተን ጠረጴዛ ላይ እንጂ ችሎት ላይ አይደለም።

እስከዚያው መስፋት የምታውቂ ሰው ነሽና ደሴ ላይ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የሚያሰፉ ሰዎችን ጠይቂ፤ ነሐሴ ላይ እጅ ያጥራቸዋል።

"ልጄ፣ እኔ ፖለቲካውን አላውቀውም። ለልጄ ቨርጂኒያ በየዓመቱ በርበሬና ሽሮ፣ አንዳንዴም ቀሚስ እልካለሁ። ዘንድሮ ላኪው ልጅ ቀረጥ አለው አለኝ። ቀረጡ ተሻረ ሲባል ዱዓ አድርጌ ነበር። አሁንም አለው ይለኛል። እያታለለኝ ነው? አምና ደግሞ በርበሬው ሽሮው ውስጥ ፈስሶ ነው የደረሰው።"
እናት፣ መካነ ሰላም

እማማ፣ ልጁ አላታለለዎትም። ድሮ ከ800 ዶላር በታች የሆነ ዕቃ አሜሪካ ሲገባ ቀረጥ አይነካውም ነበር። ያ ከነሐሴ 23 ቀን 2017 ጀምሮ ለሁሉም አገር ቆመ። ፍርዱ የወጣ ዕለትም እንደቆመ ይቀጥል የሚል ትእዛዝ ወጣ። ኮንግረሱ ራሱም ከሐምሌ 2027 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ ሰርዞታል። ወረቀቱ ከትክክለኛው ቢሮ መጣ ማለት ነው፣ ያኔ ዳኛም የሚለው ነገር አይኖርም።

ለእርስዎ ግን ሌላ በር አለ። ሰው ለሰው የሚልከው እውነተኛ ስጦታ እስከ 100 ዶላር ድረስ ያለ ቀረጥ ይገባል። ስለዚህ ላኪው ልጅ ቅጹን ሲሞላ ስጦታ መሆኑን፣ ውስጡ ያለውን አንድ በአንድና ትክክለኛውን ዋጋ እንዲጽፍ ይንገሩት። "ልዩ ልዩ ዕቃ" ብሎ እንዳይጽፍ። በአንድ ቀን ለአንድ ሰው የሚደርሰው ተደምሮ ስለሚታይ፣ ጥልፉ ውድ የሆነ ቀሚስ ካለ ከበርበሬው ጋር አንድ ላይ አይላኩት፤ በሌላ ሳምንት ያድርጉት። ልጅዎ ጓደኞቿ እንዲገዟት የምትሸጥበት ከሆነ ግን ስጦታ አይባልም፣ እሱን ከእሷ ጋር ይነጋገሩበት።

በርበሬውን ደግሞ በሁለት ፌስታል ይቋጥሩትና ከሽሮው በታች ያስቀምጡት።